የእሱ ሌንስና የእኔ ሲባጎ

የእኔ ካሜራ ሌንሱ አይፈታም። የእሱም አይፈታም። ጠባችን የመጣው ከዚህ ነው። ዛሬ ሠርግ ላይ የሚታየው ትልልቅ ካሜራ ሌንሱ እንደ ጠርሙስ ክዳን ይዞርና ይወልቃል፤ አንዱ ካላማረ ሌላ ይገባለታል። የእኛዎቹ አሮጌዎች እንደዚያ አይደሉም። ፋብሪካው የገጠመውን ይዘህ ትኖራለህ። እንግዲህ የኔ ሌንስ ከጓደኛዬ ሌንስ ያንሳል ብለህ ካመንክ ምን ታደርጋለህ? ምንም። ስለዚህ አለማመን ይሻላል። እኔ አርባ ዓመት አላመንኩም።

እኔ የምኖረው መርሳ ነው፤ እሱ ወልድያ። ሁለታችንም ፎቶ እያነሳን ልጆች አሳድገናል። የእሱን ካሜራ ታላቅ ወንድሙ ከአሥመራ ላከለት፤ የኔን ደሴ ከአንድ ሰዓት ሠሪ ገዛሁት። ሲያዩዋቸው ወንድማማች ይመስላሉ። ከላይ ትንሽ መስኮት አላቸው፣ ከፊት የማይነቀል ሌንስ። በመስኮቱ ስታይ መሐሉ ላይ ቢጫ ነጥብ አለች። በነጥቧ ውስጥ የምታነሳው ሰው ሁለት ሆኖ ይታያል፣ አንዱ ከሌላው ትከሻ ወጣ ብሎ። ሌንሱ ላይ ያለውን ቀለበት ቀስ እያልክ ታዞራለህ፤ ሁለቱ ሰው ገጥመው አንድ ሲሆኑ ትጫናለህ። ሳይገጥሙ ከተጫንክ ፎቶው ድብዝዝ ብሎ ይወጣል። ሥራው ይኸው ነው።

ልዩነታቸው ሌንሱ ላይ ነው። የእሱ ሌንስ ሰፊ ነው፤ የሻይ ብርጭቆ አፍ ያህላል። ብርሃን ይጠጣል። ቤት ውስጥ ያነሳል፣ ደመና ሲሆን ያነሳል። ፊትን ጥርት ያደርግና ከኋላ ያለውን ሁሉ እንደ ጉም ይተወዋል። የኔ ጠባብ ነው። እሱ «ቁልፍ» ነው የሚለው፣ የካፖርት ቁልፍ ለማለት። ጥላ ውስጥ ይቸገራል፣ አልዋሽም። ፀሐይ ላይ ግን ከጥምጣም እስከ ጫማ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ የሚያስቀረው ነገር የለም።

እኔ የምለው፣ ሰው ልብሱንም ለብሶ ነው የመጣው ነው። ግራና ገበያ ላይ አንዲት ሴት የአዲስ ቀሚሷ ጥለት ካልታየላት ፎቶው ፎቶ አይደለም። ገበሬውም ዱላውን ትከሻው ላይ አድርጎ ቆሞ፣ ዱላው በጉም ቢዋጥ፣ ዱላዬን የት አደረስከው ብሎ ይይዝሃል። እሱ ደግሞ ሰው ማለት ፊቱ ነው፣ ጫማውን ቤቱ ገብቶ ያየዋል ይላል። ወልድያ ላይ ደንበኞቹ የቢሮ ሰዎችና አስተማሪዎች ነበሩ፤ ጉርድ ፎቶ ለማመልከቻ የሚፈልጉ። ለነሱ ፊት ይበቃቸዋል። እኔ ውርጌሳ፣ ግራና፣ ሐራ እያልኩ በገበያ የምዞር ሰው ነበርኩ። እንግዲህ ማን ነው ትክክል? ሁለታችንም አንድ ቀን እንኳ ለሌላው እሺ አላልንም።

አንድ ቀን ከውርጌሳ ስመለስ ከበቅሎ ወደቅኩ። እኔ ተረፍኩ፤ የካሜራው ቢጫዋ ነጥብ ግን ተናጋች። ከዚያ ወዲያ ሁለቱ ሰው ቢገጥሙም ፎቶው ይደበዝዛል። የሚጠግነው ሰው አጣሁ። ስለዚህ ሲባጎ አሰርኩበት። ሲባጎው ሦስት ቋጠሮ አለው፤ የመጀመሪያው ለጉርድ፣ ሁለተኛው ለግማሽ አካል፣ ሦስተኛው ለቆሙ ባልና ሚስት። ቋጠሮውን ሰውየው አፍንጫ ድረስ አደርስና የሌንሱን ቀለበት፣ እላዩ ከተጻፉት የርቀት ቁጥሮች የዚያ ቋጠሮ በሆነው ላይ አቆማለሁ። ከዚያ ሲባጎውን ለቅቄ መጫን ነው። ስቼ አላውቅም። ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ አፍንጫው ድረስ ገመድ የተዘረጋለት ሰው አይንቀሳቀስም።

በዚህ ሲባጎ ሲስቅብኝ ነው የኖረው። ገመዱን ባየ ቁጥር «ሐጂ በግ ሊገዛ መጣ» ይላል። መካ ሄጄ አላውቅም፤ ሐጂ ያለኝ እሱ ነው፣ ስሙም ተጣብቆብኝ ቀረ። እኔም ቀሲስ እለዋለሁ። ቤተ ክርስቲያን የሚሄደው ጥምቀት ለማንሳት ብቻ ነበርና።

ከዚያ ዲጂታሉ መጣ፤ ተከትሎ ስልኩ መጣ፤ ሥራችን አለቀ። በክፉው ጊዜ ደግሞ የሁለታችንም ሱቅ ባዶ ቀረ። ማተሚያው፣ ኮምፒውተሩ፣ ደንበኛ የሚቀመጥበት ወንበር ሳይቀር ተዘርፎ ሄደ። ሁለቱን አሮጌ ካሜራዎች ማንም አልፈለጋቸውም። የኔን ከወለሉ ላይ አንስቼ አቧራውን አራገፍኩለት። ስልክ የተመለሰ ቀን መጀመሪያ የደወለልኝ እሱ ነው። ቤተሰብ ደህና ወይ ከተባባልን በኋላ «ቁልፍህስ ተረፈ?» አለኝ። ተርፏል አልኩት። «አይ እድል» አለ። ያን ቀን ብዙ ሳቅን።

አሁን ወደምለው ልምጣ።

ባለፈው ዓመት አንድ ጠዋት ሚስቱ ደወለችልኝ። እሷ ሰላምታ ሳታበዛ የማትጀምር ሴት ናት፤ ያን ቀን ግን ቶሎ ጨረሰችው። ሰውየው በቀኝ በኩል ያለ ነገር አያይም አለችኝ። ሻይ ሲቀዳ ከብርጭቆው ውጪ ያፈሰዋል። የበሩን መቃን በቀኝ ትከሻው ይገጨዋል፣ ከዚያ በሩን ማን አጠበበው ብሎ ይቆጣል። ጤና ጣቢያ ወስዳው ነርሷ በባትሪ አይታ ቀኝ ዓይኑ ላይ ሞራ ወጥቷል ብላለች። የዓይን ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት ወልድያ ሊመጡ ነው፣ ሞራ የሚገፍፉ። ስሙን አስመዝግባለታለች። እሱ ግን አልሄድም ብሏል። እንዲህ እያለ ከቆየ፣ ብላለች ነርሷ፣ ዓይኑ ይጠፋል፤ ሐኪሞቹም ዛሬ ሄደው ነገ የሚመለሱ አይደሉም።

ለምን አልሄድም አለ አልኳት። ዓይኔ ደህና ነው፣ የሻገተው ካሜራው ነው ይላል አለችኝ። ግቢያቸው ውስጥ አንዲት የዩኒቨርሲቲ መምህርት ቤት ተከራይታለች። ከደቡብ የመጣች ናት፤ አሮጌ ካሜራ ትወዳለች፣ ጥቁርና ነጭ ፊልም ከአዲስ አበባ ታስመጣለች፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ራሷ ታጥባለች። ለእሱም አንድ ፊልም ሰጥታው አንስቶ ነበር። ሁሉም ጉም ሆኖ ወጣ። እሱም ሌንሱ ሻግቷል ብሎ ደመደመ። ዓይኔ ቢሆን ኖሮ አንቺን እንዴት አይሻለሁ ይላታል ሚስቱን።

«ከአንቱ በቀር የሚሰማው የለም» አለችኝ።

«እኔን መቼ ሰምቶኝ ያውቃል?»

«አይሰማዎትም። ግን ሊከራከርዎት ይነሳል። እኔን እኮ አይከራከረኝም፤ ፊቱን ነው የሚያዞርብኝ።»

እውነቷን ነው አልኩ። ካሜራዬን ከነሲባጎው በጨርቅ ጠቅልዬ፣ በሚኒባስ ወልድያ ሄድኩ። ሐኪሞቹ ሊመጡ ዘጠኝ ቀን ቀርቷቸዋል።

ግቢው ውስጥ ጥላ ላይ ተቀምጦ አገኘሁት። በግራው በኩል ነበር የገባሁት፤ ገና ከበሩ አየኝ፣ ስለ ሲባጎውም የተለመደውን አለ። እኔ ነገር ማዞር አላውቅም። ዓይንህ ላይ ሞራ አለ አሉ፣ ሂድና አስነሳው አልኩት። ሳቁ ጠፋ። ሚስቱን ጠርቶ ይህን ሰውዬ ማን ጠራው አላት። እሷ ሻይ ልታመጣ ገባች። እሱ ካሜራውን አምጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው፣ ሻጋታውን በዓይኔ እንዳይ።

ያን ካሜራ እጄ ላይ ሲያስቀምጥ ይህ የመጀመሪያው ነው። በሬ ቢኖረው ያውሰኝ ይሆናል እንጂ ካሜራውን አያስነካኝም ነበር። የኋላ ክዳኑን ከፍቼ ሌንሱን ወደ ሰማይ አዙሬ አየሁት። ዳሩ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለች አንዲት ክር አለች። ያችን የምታህል የኔም ውስጥ አለች። ያረጀ ሌንስ ሁሉ አለችው፤ ፎቶ ላይ ምንም አታደርግም። ይህን ነገርኩት።

«አንተ ሌንስ መቼ ታውቅና» አለ። «ዕድሜህን በቁልፍ ውስጥ አይተህ።»

ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። ስለ ዓይኑ ብነግረው ሺህ ዓመት አይሰማኝም። ስለ ሌንሱ ግን ይሰማል። ስለዚህ ዓይኑን ተውኩት። እሺ፣ ሌንሱ ሻግቷል ካልክ እንፈትነው አልኩት። አርባ ዓመት በአፍ ነው የተከራከርነው፣ አንድ ቀን እንኳ ሁለቱን ካሜራ ጎን ለጎን አቁመን አንድ ነገር አላነሳንም። አንተ በካሜራህ ታነሳለህ፤ እኔ በካሜራዬ አነሳለሁ፤ ከዚያ ያንተን ለኔ ትሰጠኝና በሲባጎዬ አነሳበታለሁ። ሌንሱ ከሻገተ በኔም እጅ ጉም ሆኖ ይወጣል፣ አንተ ረታህ፤ እኔም ሰፊ ሌንስህ ሞተ ብዬ ለመርሳ ሰው እናገራለሁ። ይቺን የመጨረሻዋን ሲሰማ ነው የተነሳው።

መምህርቷ ከክፍሏ ወጣች። ሁለት ፊልም ቀርቷት ነበር፤ ሁለቱንም ሰጠችን። ሰዎች ሌንስ ሲፈትኑ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፈው ነው የሚያነሱት፣ ፊደሉ ዳር ድረስ ይነበብ እንደሆነ ለማየት አለችን። እኔ ጋዜጣ አንሳልኝ ብሎ የመጣብኝ ሰው የለም አልኳት። እሱም ሳቀ፤ በዚህ ተስማማን። የተስማማነው ሰፌድ ላይ ነው። ሚስቱ ራሷ የሰፋችው ሰፌድ ነበር፣ ቀለሙ በክብ በክብ የሚሄድ፣ ስፌቱ የደቀቀ። ፊት የሚፈልግ ፊቷን ያያል፤ ዳር የሚፈልግ ስፌቱን ይቆጥራል። እሷ ሰፌዱን ደረቷ ላይ ይዛ ደመና በሸፈነው ደጅ ከግድግዳው ፊት ቆመች።

«ሠርጌ ላይ እንኳ አላነሳኝም» አለች ለመምህርቷ። «ሥራ ላይ ነበርኩ አለ። አሁን በስተርጅና የሰፌድ መስቀያ አደረገኝ።»

«ሰፌዱን ቀና አድርጊው» አላት እሱ።

መጀመሪያ እሱ አነሳ። እንደ ልማዱ የሌንሱን የብርሃን መግቢያ እስከ መጨረሻው ከፈተው፤ ኩራቱ ይኸው ነው። ግራ ዓይኑን ጨፈነ፣ ካሜራውን ቀኙ ላይ ለጠፈ፣ ቀለበቱን ያዞር ጀመር። አዞረ። መለሰ። ድሮ ይህን ሰው አውቀዋለሁ፤ ቀለበቱን አንዴ ዞር አድርጎ ነበር የሚጫነው፣ ደንበኛው ሳይዘጋጅ። አሁን ወፍጮ የሚያዞር ይመስል ነበር። ሚስቱ ክንዷ ዛለ። በመጨረሻ ተጫነ። ስምንት ጊዜ እንደዚያ አደረገ።

ቀጥሎ እኔ በራሴ አነሳሁ፤ ሲባጎ፣ ቁጥር፣ ቀጭ። የኔ ሌንስ በደመና ቀን ስለሚቸገር ትንፋሼን ይዤ ነው ያነሳሁት። ከዚያ የእሱን ካሜራ ተቀበልኩ። ሲባጎዬን ከኔ ፈትቼ እሱ ላይ ሳስር ፊቱን አዞረ፤ ማየት አልፈለገም። ሁለተኛውን ቋጠሮ እሷ አፍንጫ ላይ አደረስኩ፣ ቀለበቱን ቁጥሩ ላይ አቆምኩ። ሌንሱን እሱ በተወበት ክፍት እንደሆነ ተውኩት፣ በኋላ ምክንያት እንዳይኖረው። ስጭን በመስኮቱ አየሁ። አልሐምዱሊላህ፣ እንዴት ያለ መስኮት ነው። ሴትዮዋ ከነሽፋሽፍቷ ቁልጭ ብላ ቆማለች። ቢጫዋ ነጥብም ጤነኛ ናት፤ በውስጧ ሁለት ሳይሆኑ አንድ ሴትዮ ብቻ አየሁ። ያኔ እርግጠኛ ሆንኩ። ግን አሁን ብናገር ዋሸህ ይለኛል። በወረቀት ይየው ብዬ ዝም አልኩ። ስምንት አነሳሁ።

ወደ መርሳ ተመለስኩ። ሦስት ቀን ቆይታ መምህርቷ ደረሰ ብላ ደወለች። የዚያን ቀን ሚኒባሱ ውስጥ ሌላ ነገር ያሳስበኝ ጀመር፤ ልደብቀው አልችልም። የእሱ ሌንስ ጤነኛ ከሆነ፣ ጉሙ የዓይኑ ነው፤ ይህን ነው የምፈልገው። ግን ጤነኛ ከሆነ ደግሞ ከኔ ጋር ይወዳደራል። በዚያ ደመና፣ በዚያ ርቀት፣ ያ ሰፊ ሌንስ። ሁለቱንም ማሸነፍ እንደማልችል ገባኝ። ወልድያ እስክደርስ የቆሰለ ሰው ይመስል ከንፈሬን ነክሼ ነው የሄድኩት።

መምህርቷ ከክፍሏ በር ላይ ጠበቀችኝ። ፊልሙን አጥባ፣ በወረቀት አሳትማ፣ በሦስት ክምር ለይታዋለች። መጀመሪያ ለኔ አሳየችኝ፣ እሱ ሳያይ። የእሱ ስምንት፤ ሁሉም ጉም። በአንዱ ላይ ከሴትዮዋ ይልቅ ከኋላዋ ያለው ግድግዳ ጠርቷል። የኔ ስምንት፤ ደህና፣ ጠቆር ያሉ፣ ስፌቱ እስከ ዳር የሚቆጠር። ሦስተኛውን ክምር አነሳሁ።

ፎቶ አንሺ ሆኜ ስንት ፊት አንስቻለሁ። እንደዚያ ያለ ፊት አላነሳሁም። ሴትዮዋ ከወረቀቱ ወጥታ የምትናገረኝ ትመስላለች። የዓይኗ ዳር ሽብሽብ፣ ልትስቅ ያሰበችው ከንፈሯ፣ ሻሿ ስር ያመለጠችው ነጭ ጠጉር። ሰፌዱ ወደ ዳሩ ደብዘዝ ይላል፤ ይህን ማንም ሊክደኝ አይችልም። ፊቷን ካየህ በኋላ ግን ሰፌዱን የሚያይ የለም።

«አባባ፣ የትኛው ይሻላል?» አለችኝ መምህርቷ።

«ቆይ አትቸኩይ» አልኳት።

ይህን ክምር ኪሴ ብከተው ምን እንደሚሆን አሰብኩ። በኔ ካሜራ የተነሳውና በእሱ እጅ የተነሳው ብቻ ይቀራሉ። የእሱ ሌንስ ሞተ፣ የኔ ረታ። ሰውየውም አንድ ዓይኑን ይዞ ይቀራል። ይህን ያህል ነው ያሰብኩት፤ ብዙ አላሰብኩም። ተነስቼ ሄድኩ።

እሱ ደጅ ተቀምጧል። ሚስቱ አጠገቡ እህል ትለቅማለች። መጀመሪያ የእሱን ስምንት ሰጠሁት። ወደ ግራ ፊቱ ጠጋ አድርጎ አየና፣ ይኸው፣ አልነገርኩህም አለ፣ ደስ ብሎት። ሻጋታው ይኸው። ከዚያ ሦስተኛውን ክምር ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። አንዱን አነሳ። ሁለተኛውን አነሳ። ቀና ብሎ ሚስቱን አየ፣ መልሶ ወረቀቱን አየ።

«ይህ ባንተ ቁልፍ ነው?» አለኝ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። ፊቱ ላይ ያየሁት ሐዘን ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ የበለጥኩት መስሎታል።

«ባንተው ነው» አልኩት። «ያንተ ሌንስ ከኔ ይበልጣል።»

እህል የምትለቅመው እጅ ቆመ።

«ምን አልክ?»

«ሰምተሃል።»

«ድገመው።»

«አልደግመውም። ደግሞ ለፊት ነው ያልኩት፣ ለልብስ አላልኩም።»

እንደ ሕፃን ነው የሳቀው። ሚስቱን ሰማሽ አላት፣ መምህርቷን ጠርቶ ምስክር ሁኚ አላት። ስቆ እስኪጨርስ ጠበቅኩት። ከዚያ እንግዲህ ሌንሱ ሻጋታ ከሌለው አንተን ያደበዘዘህ ምንድነው አልኩት። መስኮቱ ነዋ አለ፤ ሌንሱ ደህና ነው፣ የምናይበት መስኮት ነው የደፈነ፣ ባየሁበት ቁጥር ጉም ነው። ይህን እንደሚል አውቄ ነበር። ካሜራውን አንስቼ ሰጠሁት።

«በግራህ እየው።»

«በግራዬ አይቼ አላውቅም።»

ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ነው። ፎቶ አንሺ ግራ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚያረጀው። ይህ ሰው ሁለቱንም ገልጦ ሲያይ ግራው ይሸከመዋል፤ ሚስቱን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ዓይኑ ደህና ይመስለዋል። ግራውን የሚጨፍነው ካሜራ ሲይዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ጉሙን የሚያገኘው ካሜራው ውስጥ ብቻ ነው፤ ካሜራው ታመመ አለ። ሌላ ሰው ቢሆን እንደዚህ አይሳሳትም። እኔ ብሆን ግን እንደሱው እሳሳት ነበር።

ካሜራውን ወደ ግራ ዓይኑ አመጣው። አፍንጫው አስቸገረው፣ የትኛውን እንደሚጨፍንም ጠፋው፤ ሚስቱ ሳቋን ያዘች። ከዚያ በመስኮቱ ግቢውን አየ፣ ግድግዳውን አየ፣ ሚስቱ ላይ ቆመ። ብዙ ቆየ። ካሜራውን ዝቅ አድርጎ ግራ ዓይኑን በመዳፉ ሸፈነና ወደ እሷ ዞረ፤ በባዶ ዓይኑ፣ በቀኙ ብቻ።

«የት ነሽ?» አላት።

እሷ ከፊቱ ናት። እህሉን አስቀምጣ ጉልበቱን ነካችው። እጁን ከዓይኑ አነሳ። መምህርቷ ወደ ክፍሏ ገባች። ቆይቶ፣ ሐኪሞቹ መቼ ነው የሚመጡት ብሎ ጠየቃት፤ ቀኑን እያወቀው።

ሞራው ተነሳለት። የተነሳ ዕለት እኔም ነበርኩ። ፋሻው በማግስቱ ሲፈታ ብዙ አልተናገረም። ነርሷ ጣት አሳይታ ቁጠር አለችው፣ ቆጠረ። ሚስቱን አየ፣ ከዚያ እኔን ረዘም አድርጎ አየኝና «ሐጂ፣ አርጅተሃል» አለኝ። አዲስ ዓይንህን በኔ አታሟሽ አልኩት።

ወልድያ ውስጥ ግን ያልነገረው ሰው የለም። እኔ መርሳ ሱቅ በር ላይ ተቀምጬ ከወልድያ የመጣ ሰው ሁሉ ሌንስህ ተረታ አሉ ይለኛል። እኔ ለዓይኑ ብዬ ነው፣ በሽተኛ ላበረታታ ብዬ ነው እላለሁ። እዚህ ግን ወረቀት ላይ ነኝና እውነቱን እጽፋለሁ። ለዓይኑ ብዬ አልነበረም። ይበልጣል። ለፊት።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ራሱ በሚኒባስ መርሳ መጣ። ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሏል፣ መምህርቷ የሰጠችው ፊልም ገብቶበታል። ሐኪሙ አዲሱን ዓይን ምንም ነገር እንዳይጫነው ብሎታል፤ ካሜራ ዓይኑ ላይ መለጠፍ አይችልም። በግራው ሞክሮ በቢጫዋ ነጥብ ውስጥ ሁለቱን ሰው ማጋጠም አቅቶታል። ተቀምጦ ውሃ ጠጣ፣ ስለ ግቢዬ ማንጎ ጠየቀኝ፣ ስለ ሐራው ባቡር ጣቢያ አወራ። ወሬውን እንዲህ ሲያዞር ቆየ። በመጨረሻ ወደ ሌላ እያየ፣ ያ ገመድ ስንት ክንድ ነው አለኝ።

ወፍራም ሲባጎ አመጣሁ። ከኔው ላይ እየለካሁ ሦስት ቋጠሮ ቋጠርኩለትና ካሜራው ላይ አሰርኩት። እንዳልናገር ዓይን ዓይኔን ያየኛል። አልተናገርኩም። በመጀመሪያ ሊያነሳው የፈለገው እኔን ነው። ገብቼ የዒዱን ኮት ለብሼ ወጣሁና ማንጎው ጥላ ስር ቆምኩ። ሲባጎውን ዘርግቶ ቋጠሮውን አፍንጫዬ ላይ አደረሰ።

«በጉ ቆሟል» አልኩት።

«አትንቀሳቀስ» አለኝ። «ኮቱን በከንቱ ነው የለበስከው። ፊትህ ብቻ ነው የሚወጣው።»

ተጫነ። ፊልሙ ገና አልታጠበም፤ መምህርቷ ለእረፍት ወደ ቤተሰቧ ሄዳለች። ስትመለስ እናየዋለን ኢንሻአላህ። ኮቴ ጨርሶ ጉም ሆኖ ከወጣ ግን ያንተ ይበልጣል ብዬ የተናገርኩትን እመልሳለሁ።